መጨረሻው ያልታየው ጋሽ ሸምሱ

የእድራችን ለፋፊ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ሲያልፍ እኔ የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። «ሸምሱ አባ ዲጋ ወደ አኼራ ሄደዋል! ቀብር ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው!» አለ። ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ግን እግሬ የስፌት መኪናውን መርገጡን አላቆመም። ጨርሼ ቀሚሱን ዘርግቼ ሳየው እጅጌውን አንገቱ ላይ ሰፍቼዋለሁ። «ሸምሱ የትኛው ሸምሱ?» አልኩ፣ ለማን እንደምለው ሳላውቅ። የትኛው ይሆናል እንግዲህ! እዚህ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ የሱ ሱቅና የኔ ሱቅ አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት። ጠዋት ሱቁ ዝግ መሆኑን አይቼ፣ አርፍዶ ይሆናል ብዬ ነበር ያለፍኩት።

መቼም ጉድ ነው። እኔ ለቅሶ የማያስቸግረኝ ሰው ነኝ፤ ለማላውቀው ሰው እንኳ ድንኳን ካየሁ ገብቼ አልቅሼ ነው የምወጣው። ለጋሽ ሸምሱ ግን እንባዬ እሺ አላለኝም። ጨክኜ አይደለም፤ ግራ ገብቶኝ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያደናግር የኖረ ሰው ሲሞት፣ ምን ዓይነት ፊት ይዘው ነው ለቅሶው ቤት የሚገቡት? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ አስተካከልኩት፣ በሩ ላይ ስደርስ እንደገና አዘቀዘቅኩት። ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ እንጃ።

ለማያውቀው ልንገር። ጋሽ ሸምሱ ቴሌቪዥን ገና ብርቅ በነበረበት፣ ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ሆኖ በሚታይበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ሄዶ በቴሌቪዥን ሰው ያስቅ የነበረ የጅማ ልጅ ነው። ጋሽ የምለው ትልቄ ስለሆነ ነው፤ አንተ የምለው ደግሞ ጎረቤቴ ስለሆነ። መጀመሪያ የተቀጠረው ከተናጋሪዎቹ ጀርባ የሚቆመውን ሰሌዳ ሊቀባ ነበር። አንድ ቀን ሊዘፍን የተጠራው ሰው ሳይመጣ ቀረና፣ ሰዓቱ ባዶ እንዳይሆን «በል አንተ ግባና የሆነ ነገር አድርግ» አሉት። ቀለም የነካካው ቱታውን እንደለበሰ ገባ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አልወጣም።

ደግሞ ቀልድ አይናገርም ነበር፤ ይሄን ልብ በሉልኝ። ሌሎቹ «አንድ ባላገር ከተማ ይገባና» ብለው ሲጀምሩ፣ እሱ እንዲህ ዓይነት ወሬ የለውም። የሱ ጨዋታ ከሳጥኑ ጋር ነው። ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ መስታወቱን በጣቱ ቋ ቋ ያደርጋል። «እዚያ ማን አለ?» ይላል ዓይኑን አጥብቦ፣ «እስቲ ፊት ያላችሁት ትንሽ ዞር በሉ፤ ከኋላ ያሉት አባት አልታዩኝም።» እኛ ደግሞ ቦሳ ኪቶ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ተፋፍገን የምናይ ሰዎች፣ ፊት የተቀመጥነው ዞር እንላለን! በማርያም፣ ዞር ብለናል። ከኋላ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «አለሁ፣ አለሁ» ብለውታል። ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ሰው እኛን ለማየት ሲቸገር ያየ ማን አለ?

የእናቴ ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ነው። አንድ ምሽት ጋሽ ሸምሱ ከረባት አስሮ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ወረቀቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የሱ አይደለም፤ የጅማ ሐሙስ ገበያ ነው። በግ ይጮሃል፣ ተሸካሚው «አሳልፉኝ!» ይላል፣ ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ይከራከራል። እሱ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ለካስ ጅማ መጥቶ፣ ቴፑን ጆንያ ውስጥ ደብቆ፣ ገበያውን ሲቀዳ ውሏል። መሀል ላይ አንዲት ሴት ብድግ አለች፦ «ማሎ! ይሄ ቅቤ ነው የሙዝ ልጣጭ? እስቲ ራስህ ተቀባውና ልይህ!» የጋሽ ሸምሱ ከንፈር ከሴትየዋ ድምፅ ጋር ዝንፍ ሳይል ይሄዳል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናቴን ዞር ብዬ ሳያት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃዋለች። የሷ ድምፅ ነበራ!

«ድምፄን ወሰደብኝ» አለች እቤት ስንገባ። የምሯን ነው። ገበያ መውጣት አቆመች፤ በመጨረሻ ቅቤ የምትሸጥላት ሴትዮ ታማ እንደሆነ ልትጠይቃት ቤት ድረስ መጣች። አባቴ «አንቺ ሴት፣ ድምፅሽ ይኸው አፍሽ ውስጥ አለ፤ እየጮህሽብኝ አይደል እንዴ!» ቢላትም አልተጽናናችም። ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ጎረቤታችን ሲሆን እንኳ ባገኘችው ቁጥር መጀመሪያ ትቆጣዋለች። ዘወር ሲል ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ግን እንዴት አድርጎ ነው ያወጣው?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ።

አሁን አባ ኦሊን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለሳቸው ነገሩ አይገባም። የአዳራሹን ቴሌቪዥን የሚጠብቁት አባ ኦሊ ነበሩ። ቴሌቪዥኑ የሚቀመጠው በር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር «ይሄ ዕቃ አንድ ነገር ቢሆን አንተን ነው የማስረው» ብሏቸዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አስራለሁ ያለ ሰው ያስራል። ስለዚህ አባ ኦሊ ፕሮግራሙን አያዩም፤ ዕቃውን ነው የሚያዩት። በየመሀሉ ብድግ ብለው ጀርባውን በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ከሞቀ «ይረፍ» ብለው ያጠፉታል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም።

የጋሽ ሸምሱ ፕሮግራም ሊያልቅ ሲል ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሆናል። ምስሉ ቀጥ ይላል። ድምፅ የለም፣ እንቅስቃሴ የለም፤ የሱ ፊት ብቻ ሳጥኑን ሞልቶ ይቀራል። «ቆመ! ቆመ!» ይላሉ አባ ኦሊ እየተንደረደሩ፣ «ሞቋል፣ ሊቃጠል ነው!» ድርግም ያደርጉታል። የእንጨቱን በር ይዘጋሉ፣ ይቆልፋሉ። እኛም «ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ይበላሻል» እያልን ወደየቤታችን እንበተናለን።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ጅማ የተመለሰው ከሥራው ሲያስወጡት ነው። «አለቃዬ ጠራኝ» ብሎ ነግሮኛል። «'ይሄ ቀልድህ ምን ማለት ነው?' አለኝ። 'ምንም ማለት አይደለም' አልኩት። 'ማንን ነው የምትነካው?' አለኝ። 'ማንንም' አልኩት። እከሌን ነው ብል ኖሮ ገስጸው ይተውኝ ነበር። ምንም አለመሆኑ ነው ያስፈራቸው።» ይሄን ሲያወራ አይስቅም። አምኜው ነበር እንግዲህ። በሳምንቱ ደግሞ ለአንድ ደንበኛው «የአዲስ አበባ ብርድ አልስማማ ብሎኝ ነው የመጣሁት» ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁት። የቱ እውነት እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሁለቱም፣ ምናልባት አንዱም።

የብርጭቆና የፔርሙዝ ሱቅ ከፈተ። እዚያም ቢሆን አመሉ አልተወውም። ገበሬ ከገጠር ቡናውን ሸጦ ይመጣና «ይሄ ፔርሙዝ ስንት ነው?» ይላል። ጋሽ ሸምሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለም። ሰውዬው ጆሮውን በጣቱ ጎርጎር አድርጎ «ምን አልክ?» ይላል። አሁንም ከንፈር ብቻ። ሰውዬው በድንጋጤ ጮክ ብሎ «ያ ረቢ፣ አልሰማም!» ሲል፣ ጋሽ ሸምሱ በሙሉ ድምፁ «እኔ ግን ሰምቼሃለሁ» ይለዋል። አንዳንዱ በሳቅ ይሞታል፣ አንዳንዱ ተሳድቦ ይወጣል። የተሳደበው ግን በሳምንቱ ወንድሙን ይዞ ይመጣል፣ እንዲያይለት።

አንድ ቀን አባ ኦሊ ሱሪ ሊያሳጥሩ እኔ ሱቅ ተቀምጠው ሳለ ጋሽ ሸምሱ ገባ። ስለ ድሮው አዳራሽ ወሬ ተነሳ። ጋሽ ሸምሱ ወንበሩን ወደ ሽማግሌው አስጠግቶ «አባ ኦሊ፣ እስቲ ይንገሩኝ» አላቸው፣ «መጨረሻው ላይ ሰው እንዴት ይሆን ነበር?»

«የቱ መጨረሻ?»

«ዝም ብዬ የማያችሁ ነዋ።»

«ኧረ እሱማ ይበላሽ ነበር። አጠፋዋለሁ።»

«ሁልጊዜ?» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«ሁልጊዜ!» አሉ አባ ኦሊ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አልሀምዱሊላህ፣ በኔ እጅ አንድም ቀን አልተቃጠለም።»

መቀሴ እጄ ላይ ቀረ። ጋሽ ሸምሱ ቀስ ብሎ አስረዳን። ዕቃው አልተበላሸም ነበር፤ እሱ ራሱ ነው ሳይንቀሳቀስ ካሜራውን የሚያየው። ከሠራው ሁሉ የሚወደው እሱን ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰው መንገድ እያስቆመ የሚጠይቀው ስለዚያ ነው። «ስሠራውም ጅማዎች ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ነበር» አለ። አባ ኦሊ ነገሩ የገባቸው አልመሰለኝም፤ «ሞቆ ነበር እኮ» አሉ። ጋሽ ሸምሱ ትከሻቸውን ሳማቸውና ወጣ፤ ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግቶ ሄደ። አዝኖ ይሁን ሳቁን መያዝ አቅቶት ይሁን አልገባኝም። በነጋታው «እንግዲያ አሁን አሳየን» ስለው «ያ በሳጥን ውስጥ ካልሆነ አያምርም» አለኝ። እኔም ሁለተኛ አላነሳሁበትም፤ እሱም ለሰፈሩ ሰው አንድም ቀን አላሳየም።

ዘግይቶ ነው ያገባው። ሚስቱ ልጃቸው ሰሚራ ገና በእግሯ ሳትሄድ ሞተችበት። ሰሚራን ያሳደጓት እሱና ታላቅ እህቱ አዴ ሩቂያ ናቸው። ጭምት ልጅ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኔ ሱቅ ፊት አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው። እኔ «የቀልደኛው ልጅ እንዲህ ዝም ትላለች እንዴ?» ስላት ፈገግ ለማለት ትሞክርና ትተወዋለች። ተምራ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሥራ ያዘች፤ ለአባቷ በየሳምንቱ ትደውላለች። እሱም ስልኩን ዘግቶ «ደህና ናት» ይለኛል፤ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ያረፈ ዕለት ጠዋት ለሰሚራ ተደወለላት። የአውሮፕላን ቦታ አጣች፤ በመኪና ተነሳች። እኔ በሆዴ ትጠበቃለች ብዬ ነበር። በኛ በክርስቲያኖቹ ቢሆን ለአንድ ልጅማ ይጠበቅ ነበር። ሰዎቹ ግን ጀናዛ አይቆይም አሉ፤ በሃይማኖታቸው ትክክል ናቸው፣ እኔ ምን አገባኝ። ጊቤን ተሻግራ ሰኮሩ ስትደርስ ደወለች፤ ወንዶቹ ቀብረው እየተመለሱ ነበር። ስልኩን ያነሱት አዴ ሩቂያ ናቸው። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉና ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ሰሚራ ከሰኮሩ እስከ ጅማ እንዴት አድርጋ እንደመጣች እሷ ነች የምታውቀው።

ስትደርስ አላለቀሰችም። ተቀመጠችና «ፊቱን አላየሁትም» አለች። ሰው ሁሉ የሬሳውን ፊት መስሎት «አላህ ይዘንለት፣ ፊቱ በርቶ ነበር፣ እንደተኛ ሰው ነበር» እያለ አጽናናት። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የምትለው። «እኔ አባቴ ሰው ሲያስቅ አይቼ አላውቅም» አለችኝ ማታ ጎኗ ስቀመጥ። «ሁሉም ሰው 'የሱ ልጅ ነሽ?' ብሎ ይስቃል፤ እኔ ምን አይተው እንደሚስቁ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት ነበር የምፈልገው።» ቴፖቹ የተቀመጡበት መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃ ነበር ለካ። ያን ጊዜ ቴፕ ውድ ስለነበር እየተደመሰሰ ሌላ ይቀዳበት ነበር አሏት። የአባቷ ላይ ስለ ከብት መኖ ተቀድቶበታል።

ለሦስት ቀን የመጣውን ሁሉ ጠየቀች። መቼም ሰው ሲጠየቅ የማያስታውሰውንም ያስታውሳል። አንዱ ኮፍያ ያደርግ ነበር ይላል፣ ሌላው በራሱ ነበር ይላል። አንዷ ይዘፍን ነበር ብላ ድርቅ አለች። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እናቴ ቅቤ ሁሉም በየራሱ ነገራት፤ እኔም የእናቴን ሳወራ አሁን አሁን የትኛውን እንዳየሁና የትኛውን እንደጨመርኩ ጠፋኝ። ሰሚራ ሁሉንም በትዕግሥት ትሰማና «ፊቱስ? ፊቱ እንዴት ነበር?» ትላለች። እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይደናገራል። አባ ኦሊ ጥግ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ይደባብሳሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ጥቂት ጎረቤቶች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ጋሽ ደገፉ የሚባሉ ሰው ከሰኮሩ መጡ። የአዲስ አበባ ሥራቸውን ጨርሰው ሰኮሩ የአባታቸው ቤት የገቡ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። መርዶውን ዘግይተው ነው የሰሙት። ሰሚራን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ «እኔ የአባትሽን ካሜራ የያዝኩ ሰው ነኝ» አሏት። «ያ ሁሉ አገር 'አየኝ፣ አየኝ' የሚለው፣ እሱ ያየው እኔን ነው።»

ሰሚራ ተስተካክላ ተቀመጠች። «መጨረሻ ላይ ምን ነበር የሚያደርገው፣ ጋሼ?»

«ምንም! ዝም ብሎ ያያል። መጀመሪያ ሰው ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል።» አባ ኦሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዚያ ያፍራል። ከዚያ ይናደዳል። ከዚያ ምን እንደሚነካው እንጃ፣ ይስቃል። አባትሽ ደግሞ ሰው እስኪስቅ አይተውም። ስቱዲዮ ውስጥ ከኔ ሌላ ሰው ስለሌለ እኔ ነበርኩ የምስቅለት፤ ካሜራው እስኪነቃነቅ ድረስ።»

«አንድ ቃል ሳይናገር?»

«አንድም ቃል ሳይናገር።»

«ቅንድቡ እንኳ ሳይንቀሳቀስ?»

«እንዴት አወቅሽ?»

ሰሚራ ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «እኔ ውጤት ሲበላሽብኝ፣ ብርጭቆ ስሰብር፣ ሳኮርፍ፣ ፊት ለፊቴ ይቀመጥና እንዲህ ያየኝ ነበር» አለች። «ተቆጥቶ ነበር የሚመስለኝ። እያለቀስኩ ተነስቼ እወጣለሁ። ሁልጊዜ እወጣለሁ።»

ጋሽ ደገፉ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ» አሉ። «ይደውልልኝ ነበር እኮ! 'ደገፉ፣ እቤቴ አንዲት ተመልካች አለችኝ፣ ልጄ ናት። አስቸጋሪ ናት፣ እስካሁን አልሳቀችልኝም' ይለኛል። 'ተው፣ ለልጅ ሌላ ነገር ሞክር' ስለው 'አይሆንም፣ ካለኝ ሁሉ ጥሩውን ነው የማሳያት፤ ተዋት፣ አንድ ቀን ትስቃለች' ይላል።»

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። አንተ ሰውዬ፣ ልጅ እኮ ናት፣ አዳራሽ አይደለችም! ብርጭቆ ሰብራ የምትንቀጠቀጥ ልጅ ፊት እንዲህ ይደረጋል? ምነው ለኔ ብትነግረኝ፣ ግድግዳ ተጋርተን ያን ያህል ዓመት! ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። እሷ ተነስታ ስትወጣ፣ እሱ ባዶ ወንበር እያየ ሲቀር ታየኝ። ልናደድበት ወይስ ላልቅስለት መላው ጠፋኝ፤ አሁንም አልተገኘም።

«እስቲ ያሳዩኝ ጋሼ» አለች ሰሚራ።

ጋሽ ደገፉ አልተግደረደሩም። ወንበራቸውን አዙረው ቀጥ ብለው ተቀመጡና አዩዋት። ምን ያድርጉ፣ ዕድሜ ነው፤ ዓይናቸው ይርገበገባል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪም እስኪጠራቸው የሚጠብቁ ሽማግሌ ነው የመሰሉት።

«አይደለም» አለች ሰሚራ። «አገጩን እንዲህ አያነሳም።» እንደገና ሞከሩ። «አይደለም ጋሼ፣ ዓይኑም አይፈጥም። ይቅርታ ያድርጉልኝ... እንደዚህ ነው» አለችና ወደኛ ዞራ ተቀመጠች።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ልጅቷ ጠፋች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ባዶ አድርጋ፣ ዝም ብላ አየችን። መጀመሪያ እውነትም አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ከዚያ «ምን ታየኛለች ይቺ!» ብዬ ተናደድኩ። እሷ አትነቃነቅም። ሳሎኑ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ያ በቀበሌው አዳራሽ የሳጥኑ በር የተዘጋብን ፊት፣ ሳይዘጋ፣ እዚያው።

«ያ ረቢ!» አሉ አባ ኦሊ ከጥጉ። «ደህና ሆኖ ነው ለካ ያጠፋሁት!» ብለው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ከዚያ ማን ያቁመን! ጋሽ ደገፉ እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ፣ ጎረቤቶቹ ይስቃሉ። አዴ ሩቂያ «በለቅሶ ቤት! ኧረ በለቅሶ ቤት!» እያሉ ሻርፓቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስረው ትከሻቸው ይርገፈገፋል።

ሰሚራ ፊቷን ለቀቀችው። «ምንድነው?» አለች። «ምን አያችሁ?»

ሁላችንም አይተነዋል፤ እሷ ብቻ ናት ያላየችው። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ስልክ አውጥቶ የቀረጸ ሰውም የለም። ልንነግራት ሞከርን። አባ ኦሊ «ሊቆጣ መጥቶ ምን እንዳስቆጣው የረሳ ሰው ነው» አሏት። አዴ ሩቂያ «ኧረ ሕፃን እያለ ጡት የከለከሉት ጊዜ የነበረው ፊቱ ነው» አሉ። ጋሽ ደገፉ እንባቸውን ብቻ ይጠርጋሉ። ሰሚራ መኝታ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው መስታወት ሞክራ ተመለሰች። «የራሴ ፊት ነው የሚታየኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ።

መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «እማማ ብርቄ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። እርስዎ ያውቁታል። እንዴት ነበር?»

እጇን ያዝኩ። የምሬን ላስረዳት ነበር፤ ከየት እንደምጀምርም አስቤ ነበር። እሷ መልሴን እየጠበቀች፣ ሳታውቀው በዚያው ፊት፣ ዝም ብላ ታየኛለች። አፌን ስከፍት ሳቄ አመለጠኝ። ልይዘው ብል ባሰብኝ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ ድረስ። ሰሚራ መጀመሪያ ግራ ገብቷት አየችኝ። አልተነሳችም። ከዚያ እኔን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ ሳቀች።